«ዕድሜ» እና «እድሜ» ለኮምፒውተር አንድ አይደሉም

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ድንገተኛ ክፍል «የትሪያጅ ቀለም» (የበሽተኛው ሁኔታ ምን ያህል አጣዳፊ እንደሆነ የሚያሳየውን ቀለም) ብሎ ይመዘግባል፣ እኛ «ደረጃ» እንላለን፣ ሪፖርት የሚሠራው ልጅ ደግሞ ኤክሴሉ ላይ «ምድብ» ብሎታል። ወር በመጣ ቁጥር ድምሩ አልገጥም እያለ ያስመሸናል። ምን ይሻላል?
እህታችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። መጀመሪያ «ደረጃ»ን ጣሉት። የካንሰርም ደረጃ አለ፣ የቃጠሎም ደረጃ አለ፣ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? «የትሪያጅ ቀለም» ራሱ ይናገራል። ከሥሩ የሚጻፈውንም ወስኑ፤ አንዱ «ቀይ»፣ ሌላው «ቀ»፣ ሌላው «1» ካለ የዓምዱ ስም ቢስማማም ያው ነው።

የፊደሉ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ «ዕድሜ»ንም «እድሜ»ንም አንድ አድርገን እናነባለን፣ ኮምፒውተር ግን «ዕ» እና «እ»ን ለየብቻ ስለሚያያቸው ሁለት ዓምድ ሆነው ቁጭ ይላሉ። (እኔም በዚህ ግማሽ ቀን ተቃጥዬበታለሁ።)

«የትውልድ ዓመት» ብቻም አይበቃም። በእኛ 2010 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ የ2017 ወይም የ2018 ልጅ ነው። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ከመዘገበ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ በወረቀት ላይ ጎረምሳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የትውልድ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» በሉት።

የተስማማችሁበትን አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የድሮውን ፋይል ግን ኮፒ ሳታስቀምጡ እንዳትነካኩት!