ጥያቄና መልስ፦ «እጮኛዬ የጣና ልጅ ነው፣ ባሕሩን ይንቀዋል»

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። እኔና እጮኛዬ የባህር ዳር ልጆች ነን፣ ሠርጋችን ጥር ላይ ነው፣ ከመልስ በኋላ ለጫጉላ አንድ ሳምንት ታንዛኒያ ዛንዚባር ደሴት ልንሄድ ነው። እሱ ጣና ውስጥ እየዋኘ ስላደገ ባሕሩ ምንም አይመስለውም፣ እናቴ ደሞ ወባው፣ ሌባው፣ ሞገዱ እያለች እንቅልፍ ነሳችኝ። ከሀገር ወጥቼ አላውቅም፣ ለመዝናናት ሄጄ ስሰጋ ከርሜ ልመለስ ነው እንዴ? ሙሽሪት ነኝ፣ ከባህር ዳር

መልስ፦ ሙሽሪት እንኳን ደስ አለሽ! እኔም ጣና ዳር ነው ያደግኩት፣ ዛንዚባርም ሄጃለሁ፣ ስለዚ የእጮኛሽ ነገር በደንብ ይገባኛል። ከሁሉም በፊት ስለ ባሕሩ ላውራሽ ምክንያቱም እኔን ያስደነገጠኝ ሌባም ወባም አይደለም፣ እሱ ነው።

ጣና የሚሞላውና የሚጎድለው በክረምትና በበጋ ነው፣ ጠዋት ያየሽው ዳር ማታም እዛው ነው። ሕንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር የሚደርስበት ቀን አለ። በተለይ በምሥራቅ በኩል ፓጄና ጃምቢያኒ የሚባሉት ቦታዎች ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ባዶ ይቀርና ሩቅ ድረስ በእግር ያስኬዳል፣ ሰው ፎቶ እየተነሳ እየተጫወተ ይርቃል፣ ከዛ ውሃው ሲመለስ ጎድጎድ ባለው በኩል ቀድሞ እየገባ ከኋላ ይሞላል። እኔ ሰዓቱን ሳልጠይቅ ገብቼ ስመለስ ደረቴ ደርሶ ነበር፣ ዋና እየቻልኩ ልቤ ልትወጣ ነበር። ስለዚ ጠዋት ጠዋት ሪሴፕሽን ላይ ባሕሩ ስንት ሰዓት እንደሚሞላ ጠይቁ። ቀኑን ሙሉ መዋኘት ከፈለጋችሁ በሰሜን በኩል ኑንግዊና ኬንድዋ ይሻላል፣ እዛ ውሃው ያን ያህል አይርቅም።

የሰዓቱ ነገር ደሞ ደስ ይላል፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ልክ እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ለነሱም አንድ ሰዓት ነው፣ «ሳአ ሞጃ» ይሉታል። ግን ሆቴሉና የጀልባ ጉዞው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፣ ጠዋት 10 የሚል ካያችሁ የኛ 4 ሰዓት ነው፣ ባሕር ላይ ይሄን መሳሳት ቀላል አይደለም።

ውሃው ወደ ውስጥ ከጎተታችሁ ፊት ለፊት ወደ ዳር እየታገላችሁ አትዋኙ፣ ጎበዝ ዋናተኛ የሚደክመው እዚህ ጋ ነው። ወደ ጎን ከዳሩ ጋር ትይዩ ዋኙ፣ መጎተቱን ሲያቆም ውጡ፣ ካቃታችሁ በጀርባ ተንሳፍፋችሁ እጅ አውለብልቡ። ጠጥቶ መግባት በፍጹም። የጎማ ጫማም ያዙ፣ ጃርት የሚመስል ጥቁር እሾሃም ነገር ድንጋዩ ላይ አለ፣ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ወባ ለባህር ዳር ሰው አዲስ አይደለም፣ የምታውቁትን እዛም አድርጉ፣ ማታ አጎበር፣ ሲመሽ ረጅም እጅጌ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ግን የሠርግ ድካም ነው ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ለሐኪሙ ዛንዚባር ነበርን በሉት።

ጥር ጥሩ ጊዜ ነው፣ ከባዱ ዝናብ የሚመጣው ከመጋቢት ጀምሮ ስለሆነ ከፋሲካ በኋላ ብትሉ ኖሮ እሱ ላይ ትወድቁ ነበር። ሙቀቱ ግን የኛ አይነት አይደለም፣ ወበቁ ማታም አይለቅም፣ ስለዚ የታሸገ ውሃ ቶሎ ቶሎ፣ ፀሐዩ ሲከር ጥላ። መኪና በግራ ነው የሚነዳው፣ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ፣ ሞተር መከራየቱን ደሞ ለጫጉላ ባታስቡት ደስ ይለኛል። ስቶን ታውን የሚባለው የድሮው ከተማ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ፣ ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ በጣም ጨዋ ነው፣ አክብሩት። ፓስፖርት ሆቴል ይቆለፍ፣ ኮፒውን ያዙ።

አሁኑኑ የሚሠራ ሁለት ነገር አለ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው ሀገሮች ስለምትቆጠር የክትባት ካርድ ይጠይቋችኋል፣ ክትባቱ የሚጸናው ደሞ ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ በሠርግ ሽር ጉድ እንዳይረሳ ታኅሣሥ ላይ ጨርሱት፣ አንዴ ከተወጋችሁ ለዕድሜ ልክ ነው። ሌላው ኢንሹራንስ ነው፣ ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው የደሴቲቱን ኢንሹራንስ እንዲገዛ ግዴታ ሆኗል፣ ሲጀመር ለአንድ ሰው 44 ዶላር ነበር፣ ከመነሳታችሁ በፊት ኦንላይን ክፈሉት።

የመጀመሪያውን ቀን ምንም ፕሮግራም አትያዙበት፣ ከሠርግና ከመልስ ወጥታችሁ ነው የምትደርሱት፣ ተኙ። ለእናትሽ የሆቴሉን ስምና ስልክ ጽፈሽ ተዪላት፣ ማታ ማታ ደሞ ደውዪላት፣ ሰዓቱ ከኛ ጋር አንድ ነው፣ ከእንቅልፏ አትቀሰቅሻትም።