«ኢየሱስን የምታውቀው እንደ ፖሊስ ነው»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ዕድሜዬ 34 ነው። በሞተር ጀልባ ምእመናንን ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ አመላልሳለሁ። ሰው አደርሳለሁ እንጂ እኔ ብዙ ጊዜ ከጀልባዬ አልወርድም። ጌታችን ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው እንደሆነ አምናለሁ፤ ያደግሁት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ጾም አልሽርም። ባለፈው ሳምንት ረዳቴ አርፍዶ መጣና መንገደኛ አመለጠን። የሦስት ቀን ደመወዝ ቆረጥሁበት። ማታ ለባለቤቴ ሳጫውታት «አንተ እኮ ኢየሱስን የምታውቀው እንደ ፖሊስ ነው» አለችኝ። በጣም ተናደድሁ። ረዳቴን ከጌታ ጋር ምን አገናኘው? ሃይማኖቴ ቀና ከሆነ፣ ስለ እርሱ በልቤ የማስበው ነገር ኑሮዬን ምን ይነካዋል? እንድቆርብም ትጎተጉተኛለች። ከልጅነቴ ወዲህ አልቆረብሁም፤ ስሸመግል ይደርሳል እላታለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ባለቤትህ እውነቷን ነው።

ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ አምላክ ሰው ስለመሆኑ፣ አላስተምርህም፤ ታውቀዋለህ። ከአብና ከድንግል ማርያም የተወለዳቸውን ሁለቱን ልደታት ንገረኝ ብልህ ሳትደናቀፍ ትነግረኛለህ። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ሰው «ኢየሱስ ማን ነው?» የሚለውን እንደ ፈተና ጥያቄ ያየዋል። መልሱን ካወቀ አለፈ። እኔ ግን ደጋግሜ የማየው አንዱ ሰው ሁለት መልስ ይዞ ሲኖር ነው። አንዱ በአፉ አለ፤ እሱን ቤተ ክርስቲያን አስተምራዋለች። ሌላው በልቡ አለ፤ እሱን ማንም አላስተማረውም። ከአባቱ ቁጣ፣ ከአስተማሪው አርጩሜ፣ ከየቢሮው ደጅ ጥናት የለቃቀመው ነው። ቤቱንም ሥራውንም የሚመራው ይኸኛው ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታቸው ገንዘቡን አደራ ከሰጣቸው ሦስት አገልጋዮች አንድ መክሊት የተቀበለውን ሰው አስበው። ስንፍናው ሁልጊዜ ይሰበካል። እስቲ ዛሬ ንግግሩን ስማው። «ጌታ ሆይ፥ ካልዘራህባት የምታጭድ ካልበተንህባትም የምትሰበስብ ጨካኝ ሰው መሆንህን አውቃለሁ» አለ። «አውቃለሁ» ነው ያለው! ቀጥሎ «ፈራሁም» ይላል። ከዚያ ሄዶ ቀበረው። መጀመሪያ ስለ ጌታው ያሰበው ነገር መጣ፤ ፍርሃቱ ከዚያ ተወለደ፤ ጉድጓዱን ያስቆፈረው ፍርሃቱ ነው። ጌታው ግን ምን ዓይነት ሰው ነበር? ንብረቱን አምኖ በእጃቸው ትቶ የሄደ ነው። አትርፈው ለመጡት ሁለቱ «ወደ ጌታህ ደስታ ግባ» ያላቸው ነው። ሦስቱም ያገለገሉት ያንኑ ጌታ ነው። ሁለቱ አመኑትና ወጥተው ነገዱ። ሦስተኛው ጠረጠረውና ቆፈረ።

አሁን ወደ ረዳትህ ልምጣ። አርፍዷል፤ ማርፈድ ጥፋት ነው፤ አልከራከርህም። ስንት ቀን እንደቆረጥህበት ጽፈህልኛል። ለምን እንዳረፈደ ግን ደብዳቤህ ውስጥ የለም። ጠይቀኸው ነበር? እኔ የጠየቅኸው አልመሰለኝም። ጌታህ በደልህን እየመዘገበ የሚጠብቅህ መስሎ ከታየህ፣ አንተም ከበታችህ ላለው ሰው መዝገብ ትከፍታለህ። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ የሚፈራውን ይመስላል። ሚስትህ ያየችው ይህንን ነው። ከእኔ ይልቅ እርሷ ቅርብ ናት፤ አትቆጣት።

አንተ የጀልባ ሰው ስለሆንህ ሌላ ነገር ላንሣልህ። የገሊላ ባሕር ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 13 ያህል ነው። የእኛ ጣና 84 በ66 ነው። ትንሽ ብትሆንም የገሊላ ባሕር ማዕበሏ ዓሣ አጥማጆቹን አስጮኸ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጣና ምን እንደሚሆን ደግሞ አንተ ትነግረኛለህ። ያን ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ በጀልባው የተኛውን ጌታ ቀስቅሰው ምን አሉት? «መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?» ማር 4፥38። ልብ በል፤ አትችልም አላሉትም። ግድ የለህም ነው ያሉት። ተአምራቱን አይተዋል፤ ትምህርቱን ሰምተዋል። ውኃው ጀልባው ውስጥ ሲገባ ግን በልባቸው የተቀመጠው ወጣ። የእኛም እንደዚሁ ነው። ልጅ ሲታመም፣ ገበያ ሲጠፋ፣ ሰው ሲበድለን የምንናገረውን ሰብስበን ብናነበው፣ ጌታን በልባችን ማን እንዳልነው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቁርባኑን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ብናገርህ አትቀየመኝ። «ስሸመግል» የሚለውን ቃል ሰምቼ አልጨርሰውም። በቅዳሴ ሕፃናት ይቆርባሉ፤ አረጋውያን ይቆርባሉ። መካከል ያለው፣ ፈተናው የበዛበት፣ ጉልበት ያለው ሰው ዳር ቆሞ ያያል። ስጠይቀው «አልበቃሁም» ይለኛል። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ውስጡን ስትመረምረው ግን ብዙ ጊዜ ያው የመክሊቱ ሰው ነው፤ «ጨካኝ መሆንህን አውቃለሁ» እያለ ነው። ካህኑ እጁን ታጥቦ ያልነጻ እንዳይቀርብ ሲያስጠነቅቅ ትሰማለህ፤ ልብህ ይደነግጣል። መደንገጡ ደግ ነው። ግን ያ ድምፅ ወደ ንስሐ የሚጠራህ እንጂ ለዘለዓለም ሂድልኝ የሚልህ አይደለም። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥28 «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» ካለ በኋላ ምን ይላል? «እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ»። ራሱን ይፈትንና ይራቅ አላለም። አንተ ግን መፈተኑንም መብላቱንም አንድ ላይ ለሽምግልና ቀጥረህላቸዋል። ባሕሩ ዕድሜ እንደማይጠይቅ ለአንተ መንገር የለብኝም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ በእኛ አገር ስለበዛ ዝም ብዬው አላልፍም። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የምታደርሳቸውን ሰዎች አስባቸው። ብዙዎቹ እመቤታችንን የሚወዱት ርኅርኅት ስለሆነች ነው፤ ልክ ናቸው። አንዳንዱ ግን በልቡ «እርሷ ታዝናለች፣ ልጇ ግን አይምርም» የሚል ሐሳብ ይዞ ይሳለማል። ይህን ከእናቶችም ከወጣቶችም ሰምቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። የምሕረቱን ኪዳን የሰጣት ማን ሆነና? እርሱ አይደለም? የካቲት 16 የምናከብረው እኮ የልጇን ቃል ኪዳን ነው። ርኅራኄዋን እያመሰገንህ ልጇን ከጨከነ ዳኛ ጋር ብትቆጥረው ምስጋናህ እርሷን ደስ አያሰኛትም። በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 አባቶች ባቆዩልን ጸሎተ ሃይማኖት «ዘበእንቲአነ ለሰብእ ወበእንተ መድኃኒትነ ወረደ እምሰማያት» እንላለን። ስለ እኛ ስለ ሰዎች፣ እኛን ለማዳን ከሰማይ ወረደ ማለት ነው። ይህን በየቀኑ የሚል አፍ ያለህ ሰው ነህ። ፖሊስማ ሊይዝህ ነበር የሚመጣው።

ይህን ስል ግን ጌታ አይፈርድም፣ እንደፈለግህ ኑር ማለቴ አይደለም። እንዲህ አድርገው የሚረዱም አሉ፤ ስለ እነርሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ያንተ ሕመም ያ አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ረዳትህን ጥራው። ለምን እንዳረፈደ ጠይቀው፤ ሳታቋርጠው ስማው። የሦስት ቀኑንም መልስለት። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን ቃል ታውቀዋለህ። ከዚያ ከባለቤትህ ጋር ሆናችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። የተጋባችሁት በሽማግሌ ብቻ ከሆነ እሱንም አትደብቁት፤ መንገዱን ያሳዩአችኋል። የሚሰጡህን የንስሐ ቀኖና ተቀበል፤ ቀለለ ወይም ከበደ ብለህ አትደራደር።

በሚቀጥለው የዘጌ ጉዞ ደግሞ ጀልባዋን ለረዳትህ አደራ ብለህ ከምእመናኑ ጋር ውረድ። በቡናው ጥላ ሥር ያለውን አቀበት ውጣው። ኡራ ስትደርስ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች መካከል የጌታን ስቅለት ፈልግና ከፊቱ ትንሽ ቁም። ባለቤትህ ላለችህ ነገር መልስ ካገኘህ ለእርሷ ንገራት እንጂ ለእኔ አትጻፍልኝ። ወደ ጀልባህ ስትመለስም ተራው የረዳትህ ነው፤ እርሱም ወጥቶ ተሳልሞ ይመለስ። መንገደኞቹ ቢቸኩሉም አንተ ጠብቀው።