ጥያቄና መልስ፦ ለሦስት ሞኒተር የሚበቃ ግራፊክስ ካርድ በትንሽ ብር

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከአንድ በላይ ሞኒተር ሰክቶ ጌም ስለመጫወት ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሦስት ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተሮች አሉኝ። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2ን እና አሴቶ ኮርሳን በሦስቱም ላይ ዘርግቼ መጫወት እፈልጋለሁ። ፓወር ሰፕላዬ 550 ዋት ነው። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የተለያየ ካርድ ይነግረኛል። የትኛውን ልግዛ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከካርዱ ስም በፊት ፒክስሉን ይቁጠሩ። አንድ ፉል ኤችዲ ሞኒተር 1920 በ1080 ነው፤ 2,073,600 ፒክስል ማለት ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲሰለፉ 5760 በ1080 ይሆኑና ቁጥሩ 6,220,800 ይደርሳል። ይህ የአንድ 4ኬ ሞኒተር ሦስት አራተኛ ነው። ስለዚህ ሻጩ «ለፉል ኤችዲ አሪፍ ነው» ሲልዎት ስለ እርስዎ ሥራ ገና ምንም አልነገረዎትም። ካርዱ በ4ኬ ምን ያህል ፍሬም (በሰከንድ የሚሳሉ ምስሎች) እንደሚያወጣ ይፈልጉና ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርገው ይገምቱ። ደግነቱ የመረጧቸው ጌሞች የቆዩ ናቸው። ለአዳዲሶቹ ጌሞች ቢሆን ኖሮ በትንሽ በጀት ሦስት ሞኒተር አይሞከርም ነበር።

ምርጫችን ያገለገለ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060፣ ባለ 12 ጊጋባይቱ ነው። 170 ዋት ይወስዳል፤ ኤንቪዲያ አብሮት እንዲኖር የሚመክረው ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት ስለሆነ የእርስዎ ይበቃዋል። አብዛኛው ሦስት ዲስፕሌይፖርትና አንድ ኤችዲኤምአይ አለው። ዋናው ምክንያታችን ግን ሜሞሪው ነው፤ ዳታው የሚያልፍበት መንገድ 192 ቢት ሆኖ በሰከንድ 360 ጊጋባይት ያመላልሳል። ብዙዎች የሚመክሩት የኤኤምዲ አርኤክስ 6600 በአንድ ሞኒተር ላይ ከ3060 ብዙም አይርቅም፣ የሚወስደውም 132 ዋት ብቻ ነው። ነገር ግን የሜሞሪው መንገድ 128 ቢት፣ የሚያመላልሰውም 224 ጊጋባይት ነው። ጉድለቱን የሚሸፍንለት 32 ሜጋባይት ካሽ (ቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) በፉል ኤችዲ በደንብ ይሠራል፤ ፒክስሉ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግን አይደርስለትም። ዋጋው በጣም ከረከሰልዎት 6600ን ይውሰዱ፣ አያስቀይምም፤ ዋጋቸው ከተቀራረበ ግን 3060 ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ3060 ስም የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድም አለ። የጎደለው ሜሞሪ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ መንገዱም ወደ 128 ቢት ጠቧል፣ የሚያመላልሰውም 240 ጊጋባይት ነው። ካርቶኑ ላይ 12 የሚለውን ሳያዩ ብር አይቁጠሩ።

ከዚህ ከፍ ማለት ከቻሉ አርኤክስ 6700 ኤክስቲ አለ፤ 12 ጊጋባይት፣ 384 ጊጋባይት በሰከንድ። እሱ ግን 230 ዋት ስለሚበላ ፓወር ሰፕላይዎን ወደ 650 ዋት መቀየር ሊኖርብዎት ነው፤ ያንን ወጪ ከካርዱ ዋጋ ጋር ደምረው ያወዳድሩ። የኢንቴል አርክ ቢ580 በወረቀት ላይ ከሁሉም የሚያጓጓ ነው፤ 12 ጊጋባይት ይዞ በ249 ዶላር ነው የወጣው። ነገር ግን ማዘርቦርዱ ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ምርጫ ካልደገፈ ጉልበቱ ክፉኛ ይወርዳል። የቆየ ኮምፒውተር ላይ አይሰኩት።

ካርዱ ከገባ በኋላ ሰው የሚሳሳተው አዘረጋጉ ላይ ነው። በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ኮንፊገር ሰራውንድ» የሚለውን ይክፈቱና ሦስቱን ሞኒተር እንደ አንድ ሰፊ ስክሪን ያያይዟቸው። ኤኤምዲ ላይ የዚህ አቻ አይፊኒቲ ይባላል። ሦስቱም ሞኒተር አንድ ዓይነት ሪዞሉሽንና ሪፍሬሽ ሬት (ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበት ብዛት፣ በሄርዝ የሚለካ) ይኑራቸው። ቀጥሎ የሞኒተሩን ጠርዝ ያስተካክሉ። ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ላይ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ 36 ፒክስል ገደማ አለ። ጠርዙ 1 ሴንቲሜትር ከሆነ በሁለት ሞኒተሮች መካከል 2 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 72 ፒክስል ይደበቃል። መገናኛው ሁለት ስለሆነ ጠቅላላው ስፋት 5760 መሆኑ ቀርቶ 5904 ይሆናል። ይህ ካልተደረገ የመንገዱ መስመር ከሞኒተር ወደ ሞኒተር ሲሻገር ተሰብሮ ይታያል።

የመጨረሻው የጌሙ የእይታ ስፋት ነው። የባለ 24 ኢንቹ ስክሪን ወርድ 53 ሴንቲሜትር ነው። ዓይንዎ ከስክሪኑ 60 ሴንቲሜትር ከራቀ አንዱ ሞኒተር የሚይዘው 48 ዲግሪ ነው፤ የጎኖቹንም ሞኒተሮች በ48 ዲግሪ ወደ ራስዎ ያዙሯቸው። አሴቶ ኮርሳ በቪዲዮ ማስተካከያው ውስጥ ባለ ሦስት ስክሪን ምርጫ አለው፤ እሱን ይምረጡና እነዚህን ቁጥሮች ይስጡት። ምርጫውን ትተው ዝም ብለው አንድ ሰፊ ምስል ከዘረጉ በጎን ያሉት መኪኖች እንደ ላስቲክ ተለጥጠው ይታያሉ። አንድ ነገር ግን ይወቁ፤ ሦስት እይታ ለየብቻ ሲሳል ፕሮሰሰሩም አብሮ ይደክማል። ፍሬሙ ከወረደ መጀመሪያ የስፖኪዮውን የምስል ጥራትና ጥላውን ይቀንሱ፤ ሪዞሉሽኑን የሚነኩት ያ አልበቃ ሲል ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጌሙን የምጫወተው መሀለኛው ሞኒተር ላይ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቫሎራንት። ሁለቱ ለቴሌግራምና ለዩቲዩብ ናቸው። ለዚህም ከባድ ካርድ ያስፈልገኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። በጎን ያሉት ሞኒተሮች ከካርዱ ላይ የሚወስዱት ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቫሎራንት ደግሞ ሦስት ሞኒተር ቢዘረጉለትም እይታውን ከ16 በ9 አያሰፋም። ለእርስዎ ወሳኙ የካርዱ መውጫ ብዛት ነው። ርካሽ ነው ብለው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ወይም 6400 እንዳይገዙ፤ ሁለቱም ከሁለት ሞኒተር በላይ አያወጡም። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ይበቃዎታል።

ካርድ አለኝ፣ ያጠረኝ አንድ መውጫ ብቻ ነው ካሉም ሦስተኛውን ሞኒተር ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መውጫ ይሰኩት። ይህ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ሲኖረው ነው። የኢንቴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኤፍ» ካለ የለውም፤ የራይዘን 5000 ተከታታይ ላይ ደግሞ «ጂ» ከሌለ የለውም። ባዮስ ውስጥ የውስጡ ግራፊክስ እንዳይጠፋ የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ይኖርብዎታል፤ ብዙ ማዘርቦርድ ካርድ ሲገባለት በራሱ ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቻለሁ። ግራፊክስ ካርድ ልጨምርበት ብል አንዱ «ይቻላል» ሌላው «ይቃጠላል» አለኝ። (ከአዲስ አበባ፣ መገናኛ)

መልስ፦ ሁለቱም እንደ ኦፕቲፕሌክሱ ዓይነት ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። መጽሐፍ የምታክለዋ ትንሿ ሞዴል ከሆነች ካርድ የሚገባበት ቦታ ስለሌላት ነገሩ እዚያው ያበቃል። ቀጭኑ ሞዴል ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ይቀበላል። ትልቁ ቋሚ ሞዴል ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ያስገባል፤ እዚያ የሚገጥመው ችግር ኃይል ነው። የ7010 ትልቁ ሞዴል ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት፣ የ9020 ደግሞ 290 ዋት ነው። ለካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድም የላቸውም።

ሰውየው «ይቃጠላል» ያለው ምናልባት ይህን አይቶ ይሆናል፦ ሱቆች የሃርድ ዲስኩን የሳታ ገመድ ወደ ባለ 8 ፒን የሚለውጥ ማቀያየሪያ ይሸጣሉ። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። ባለ 8 ፒኑ ደግሞ እስከ 150 ዋት ሊስብ ይችላል። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ይቢጫል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል። ያንን ማቀያየሪያ በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ።

ትክክለኛው መንገድ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ከማዘርቦርዱ የሚወስድ ካርድ መምረጥ ነው፤ የካርዱ ማስገቢያ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ከእነዚህ ውስጥ ጎበዙ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ ነው፤ 70 ዋት ሲሆን ቁመቱ አጭር የሆነም ተሠርቶለታል። ባለ 8 ጊጋባይቱ 3050 ግን 130 ዋት ስለሆነ አይሆንም። ከሱ ቢቀር ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀው ጂቲኤክስ 1650 አለ። በአጭር ካርዶች ላይ መውጫው ሁለት ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ከኋላ ቆጥረው ይግዙ። በዚህ ካርድ በሦስት ሞኒተር ላይ የሚዘረጋው ቀላል ጌም ብቻ ነው፤ አንዱ ላይ ተጫውቶ ሁለቱን ለሌላ ሥራ ማዋል ግን ምቹ ነው።

ፓወር ሰፕላዩን ራሱን እቀይራለሁ ካሉ፣ 9020 ላይ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው የተለመደውን 24 ፒን ሳይሆን የዴልን ባለ 8 ፒን ሶኬት ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ከ24 ወደ 8 ማቀያየሪያ ያስፈልጋል። 7010 ላይ ይህ ጣጣ የለም።

ጥያቄ፦ ካርዴ ሦስት ዲስፕሌይፖርትና አንድ ኤችዲኤምአይ አለው። አንዱ ሞኒተር ዲስፕሌይፖርት ብቻ ስላለው ከካርዱ ኤችዲኤምአይ ወደሱ የሚሄድ ኬብል ገዛሁ፤ «ሲግናል የለም» ይላል። ኬብሉ ተበላሽቶ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኬብሉ ደህና ነው፤ የተሰካው በተቃራኒው ነው። እነዚህ ኬብሎች ባለ አንድ አቅጣጫ ናቸው። የካርዱ ዲስፕሌይፖርት ራሱ የኤችዲኤምአይ ሲግናል ማውጣት ስለሚችል ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው ኬብል ርካሽ ነው። የኤችዲኤምአይ መውጫ ግን የዲስፕሌይፖርት ሲግናል አያወጣም። በዚያ አቅጣጫ ለመሄድ በውስጡ ቺፕ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ማቀያየሪያ ያስፈልጋል። ያንን ከመግዛትዎ በፊት ሞኒተሮቹን አቀያይረው ይሰኩ፦ ዲስፕሌይፖርት ብቻ ያለውን በዲስፕሌይፖርት፣ ኤችዲኤምአይ ያለውን በኤችዲኤምአይ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለ ወጪ ያልቃል።

ቪጂኤ ብቻ ያለው አሮጌ ሞኒተር ላላችሁም፦ የዛሬ ካርዶች አናሎግ ሲግናል አያወጡም፤ ስለዚህ ቺፕ ያለው ማቀያየሪያ ግድ ነው። ካርዱ ላይ አምስት መውጫ ብታዩም በአንድ ጊዜ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ አራት ሞኒተሮች ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዱ ሞኒተሬ 144 ሄርዝ፣ ሁለቱ 60 ናቸው። ጌም ሳልከፍት ካርዱ ይሞቃል፣ ፋኑም አያርፍም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ካርዱ ሥራ ሲፈታ የሜሞሪውን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ይህን የሚያደርገው ስክሪኖቹ በሁለት ምስሎች መካከል በሚያርፉባት ቅጽበት ነው። ሞኒተሮቹ በተለያየ ምት ሲሄዱ ዕረፍታቸው አይገጥምም፤ ስለዚህ ሜሞሪው ከፍ እንዳለ ይቀራል። 144ቱን ወደ 120 ዝቅ አድርገው ይሞክሩ፤ ካልረዳ ጌም በማይጫወቱበት ጊዜ ሦስቱንም 60 ያድርጓቸው። ካርዱ ግን በዚህ አይበላሽም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ያገለገለ ካርድ ሊልክልኝ ነው። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ስለሆነ እዚህ አይቃጠልም? ሲደርሰኝስ ምን ልፈትሽ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ካርዱ የሚሠራው ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ 12 ቮልት ስለሆነ የአገሩ መብራት አይነካውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ፓወር ሰፕላይ አብሮ ከመጣ ነው። አንዳንዱ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለው፤ 115 ላይ እንዳለ በእኛ መብራት ከሰኩት ወዲያው ይፈነዳል።

ወንድምዎ ከመክፈሉ በፊት የጂቲኤክስ 900 እና 1000 ተከታታይ ካርዶችን ይተው፤ ኤንቪዲያ ለነሱ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከአዳዲስ ጌሞች ጋር የሚያስማማ ሶፍትዌር) ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። አርኤክስ 580 ካገኘ ደግሞ «2048ኤስፒ» የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ይይ፤ ያ ካርድ በጉልበት 570 ነው።

ሲደርስዎ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱ። ባዮሱ ተቀይሮ በሌላ ስም የሚሸጥ አሮጌ ካርድ ከሆነ ስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍልዎታል። ቀጥሎ ካርዱን በከባድ ሥራ የሚፈትነውን ፈርማርክ የተባለ ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ ያስኬዱ፤ ነጠብጣብ ወይም ባለ ቀለም መስመር ከታየ ካርዱ ታሟል። ከዚያ እያንዳንዱን መውጫ አንድ በአንድ በሞኒተር ይፈትሹ፤ ለሦስት ሞኒተር የሚገዛ ሰው ይህን መዝለል የለበትም፤ የቀድሞው ባለቤት አንዱን ብቻ ሲጠቀም ኖሮ የቀሩት መሞታቸውን ላያውቅ ይችላል።

መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ያስቡ። 170 ዋት ካርድ፣ 90 ዋት ገደማ ፕሮሰሰር፣ ለሦስት ሞኒተር 75፣ ለቀረው 50 ብንል 385 ዋት ይመጣል። በየሱቁ የሚገኘው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚችለው 360 ወይም 390 ዋት ስለሆነ ጌም ላይ እያሉ መብራት ሲሄድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። 1000 ቪኤ፣ 600 ዋት የተጻፈበትን ይግዙ።