ወንድምሽ ይወዳደር

እህቴ፣ ወንድምሽ ደረጃ 3 ብየዳ እየሠለጠነ ነው፤ ኮሌጁም ለክህሎት ውድድር መርጦታል ብለሻል። «ልምምዱ ቅዳሜና እሁዱን ይበላበታል፤ ደብረ ብርሃን ወጥቶ የቀን ሥራ ቢሠራ አይሻልም ወይ?» ነው ጥያቄሽ። በዚሁ መንገድ አልፌበታለሁ። ይወዳደር።

እኔ አላሸነፍኩም፤ ዞን ላይ ነው የቀረሁት። ሥራው የመስኮት ፍሬም ነበር። ሥዕሉን ሰጡን፣ ሰዓት ተያዘ። ብየዳዬ ሲያዩት ያምር ነበር። ዳኛው ግን መጀመሪያ ሜትሩን አወጣ። ከጥግ ጥግ በሰያፍ ለካ፣ ሌላውንም ሰያፍ ለካ። የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት! «ይሄ መስታወት አይቀበልም» አለኝ። አንዱን ጥግ ጨርሼ በይጄ ነበር ወደሌላው የሄድኩት፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ሳበው። አራቱንም ጥግ በነጥብ በነጥብ፣ ማለትም በትንንሽ ብየዳ ይዞ፣ ሰያፉን ለክቶ፣ ከዚያ እያፈራረቁ መበየድ ነው ደንቡ። ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

በኋላ ሥራ ፍለጋ አንድ ብረታ ብረት ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወረቀቴን አየት አድርጎ መለሰልኝና «በል የዚህን በር ፍሬም ሥራ» አለኝ። በነጥብ ይዤ ሰያፉን ስለካ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሥራውን ሳልጨርስ «ሰኞ ና» አለኝ።

ሲኦሲ ብቁ ነህ ወይ ገና ነህ ይልሻል። ውድድር ግን ያንኑ ሥዕል፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌላው ልጅ እንዴት እንደሠራው ያሳይሻል። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሮችን የሚያወዳድረው ወርልድ ስኪልስ ላይ፣ ብየዳ ተወዳዳሪ የሠራውን ዕቃ ውሃ ሞልተው በግፊት ይፈትሹታል። ያንጠባጥባል ወይስ አያንጠባጥብም? ቀጣሪም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የምስክር ወረቀቱ ብቻውን ግን ሥራ አያስገባም። ስለዚህ የሠራውን ሁሉ ፎቶ ያንሳ። ቢሸነፍም ዳኛውን «የት ጋ ነው ነጥብ ያጣሁት?» ብሎ ይጠይቅ። አብዛኛው ልጅ አኩርፎ ነው የሚወጣው፤ ያሳዝነኛል።

ገንዘቡ እንደሚያስፈልጋችሁ ይገባኛል። ቅዳሜን ይለማመድ፣ እሁድ ብየዳ ቤት በረዳትነት ይሥራ፤ ብሎኬት ከሚሸከም እጁ ከሙያው አይርቅም። የሚለማመድበትን ሥዕል ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ። አብሬው አየዋለሁ።