የግቢ እንሽላሊት ለእባብህ አትስጥ

«የምኖረው ፍሎሪዳ ነው። ገና ግልገል የሆነች ኮርን ስኔክ የምትባል እባብ ገዝቼ አይጥ አልበላ አለችኝ። ግቢው የሞላው እንሽላሊት ነው፤ ይዤ ብሰጣት ችግር አለው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ አለው። እኔ ያንኑ አድርጌ ነው እባቤን የቀበርኩት።

የእኔዋም አይጥ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞር ነበር። ከአጥሩ ላይ ቡናማ አኖል የሚባል እንሽላሊት ይዤ ስሰጣት ግን ወዲያው ዋጠችው። ደስ ብሎኝ ሦስት ወር ያህል በዚያው ቀጠልኩ። ከዚያ አፏን ከፍታ መተንፈስ ጀመረች፤ ልጋግ በአፏ ጠርዝ ይወርዳል። ብርድ የመታት መስሎኝ የሳጥኑን ሙቀት ጨመርኩ (ሞኝነቴ!)። ከሞተች በኋላ ሐኪሙ ከፍቶ ሳንባዋን አሳየኝ። ቀለበት ቀለበት የሚመስል ገላ ያላቸው ነጫጭ ትሎች ውስጡን ነክሰው ይዘውታል።

ትል ይምሰሉ እንጂ ዘመዳቸው ሸርጣን ነው። ስማቸው ራይሌቲየላ ኦሪየንታሊስ ነው። አገራቸው እስያ ሲሆን ፍሎሪዳ የገቡት ሰው ካመጣው የበርማ ዘንዶ ጋር ነው። አሁን የአገሬውን እባቦች ይዘዋል፤ ፒግሚ ራትልስኔክ የሚባለውን ትንሽ መርዛማ እባብ ሳይቀር ይገድላሉ።

አካሄዳቸው እንዲህ ነው። ትሉ እባቡ ሳንባ ውስጥ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ እባቡ መልሶ ይውጠዋል፣ ከኩሱ ጋር ይወጣል። ኩሱን በረሮ ይበላል። በረሮውን እንሽላሊት ወይም እንቁራሪት ይበላል። የትሉ እጭ (ግልገሉ) እንሽላሊቱ ገላ ውስጥ ቁጭ ብሎ እባብ እስኪውጠው ይጠብቃል። እንሽላሊቱ ደግሞ እንደ ልቡ ሲሯሯጥ ታየዋለህ፤ በዓይን አይለይም።

አይጡን በተመለከተ፣ በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን ግልገል አሙቀህ ጭንቅላቱን በመርፌ ወጋ አድርግለት። ይቀፋል፣ አውቃለሁ። የአንጎሉ ሽታ ግን ብዙ ጊዜ ያስበላቸዋል። ኩሷን በዕለቱ አንሳ፤ ቤትህ በረሮ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን አጥፋ።

እስካሁን እንሽላሊት ሰጥተሃት ከሆነ ኩሷን ይዘህ ሐኪም ጋ ሂድ። «ንጹህ ናት» ቢሉህ አትዘናጋ። ትሉ እስኪያድግ ድረስ እንቁላል ስለማይጥል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ምርመራውን አስደግመው።