ወጪ ንግዱ እያደገ ጉድለቱ ለምን ይሰፋል?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞችና ወረዳዎች የደረሱንን ጥያቄዎች ስናገላብጥ አራቱ ከአንድ ጉዳይ የሚመነጩ ሆነው ስላገኘናቸው አብረን ልንመልሳቸው ወስነናል። ጉዳዩ የንግድ ሚዛን ጉድለት ነው፤ ይህም አንድ አገር ዕቃ ወደ ውጭ ሸጣ ከምታገኘው የውጭ ምንዛሪ ይልቅ ከውጭ ለምትገዛው ዕቃ የምታወጣው ሲበልጥ የሚፈጠረው ክፍተት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በቆሎና አኩሪ አተር እየሰበሰብኩ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የወጪ ንግድ ገቢያችን ጨመረ ሲባል በዜና እሰማለሁ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የንግድ ጉድለቱ ሰፋ ይባላል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? ብዙ ሰው ደግሞ ችግሩ ሁሉ ወደብ ስለሌለን ነው ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን የሚመልሰው ቀላል ስሌት ነው። በ2014 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ዕቃ ወደ ውጭ ልካ ያገኘችው 4.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከውጭ ለገዛችው ያወጣችው 18 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ከዚህ ተነሥተን ወጪ ንግዱ በ20 በመቶ አደገ ብንል፣ ይህም ለየትኛውም አገር ትልቅ ዕድገት ነው፣ የሚጨምረው 820 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከውጭ የምናስገባው ግን በ5 በመቶ ብቻ ቢያድግ 900 ሚሊዮን ይጨምራል። ወጪ ንግዱ በአራት እጥፍ ፍጥነት አድጎም ጉድለቱ ሰፋ ማለት ነው። በ2017 በጀት ዓመት የወጪ ንግድ ገቢው ወደ 8.3 ቢሊዮን ዶላር መድረሱ በእርግጥ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም ከግማሽ በላዩን ያስገኙት ወርቅና ቡና ብቻ ናቸው፤ የዓለም ዋጋቸው በዚያው ጊዜ መናሩም ረድቶናል። ዋጋው ሲወርድ ገቢውም አብሮ መውረዱ አይቀርም።

ወደ ወደቡ እንለፍ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር በር አጣች፤ እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ አሰብን ስትጠቀምበት ቆይታ፣ ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ንግዷ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ለዚህም በየዓመቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደምትከፍል ይነገራል። ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ይሁንና በደርግ ዘመን አሰብና ምጽዋ በእጃችን ሳሉም ጉድለቱ ነበረብን፤ በሌላ በኩል እንደ እኛው ባሕር የሌላት ቦትስዋና ለብዙ ዓመታት በአልማዟ፣ ስዊዘርላንድም በመድኃኒቷና በሰዓቷ ከምትገዛው በላይ ስትሸጥ ኖራለች። ስለዚህ የወደብ እጦት ጉድለቱን ያከብደዋል እንጂ ከሥሩ አልወለደውም ብሎ መናገር ይቻላል።

እንዴት እንደሚያከብደው ግን እርስዎ በያዙት እህል ላይ በግልጽ ይታያል። ጭነት የሚከፈለው በክብደት ነው። አንድ ኩንታል በቆሎና አንድ ኩንታል ቡና ከአንድ ቦታ ተነሥተው ጅቡቲ ለመድረስ የሚጠይቁት ኪራይ ተቀራራቢ ነው፤ ዋጋቸው ግን አይቀራረብም። በቡናው ላይ ኪራዩ ከዋጋው ጥቂቱን ሲወስድ፣ በቆሎው ላይ ትርፉን ሁሉ ሊበላው ይችላል። ወርቅና አበባ በአውሮፕላን ስለሚሄዱ የወደብ ጉዳይ ብዙም አያስጨንቃቸውም፤ ምዕራብ ጎጃም የሚያመርተው ከባድና ርካሽ እህል ግን የባሕር በር እጦትን ዕዳ ከማንም በላይ ይሸከማል። በቆሎውን በጥሬው ወደ ወደብ ከማጓጓዝ ይልቅ እዚያው በአካባቢው ወደ ስታርች፣ ወደ መኖ፣ ወደ ዶሮና እንቁላል መቀየር የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር አለ። ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር ሙሉ ሆኖ ሳለ ሲመለስ ብዙው ባዶውን ነው፤ ከምናስገባው ጋር የሚመጣጠን የምንልከው ጭነት የለንምና። ባለመኪናው ለመመለሻውም ነዳጅ ስለሚያቃጥል አስመጪው የደርሶ መልሱን ዋጋ ይከፍላል፤ ኮንቴይነሩ በጊዜው ካልተመለሰ ደግሞ ቅጣቱ በዶላር ይቆጠራል። በዚህ መንገድ ጉድለቱ ራሱ የመጓጓዣውን ዋጋ ያንራል፤ የመጓጓዣው ዋጋም ተመልሶ ጉድለቱን ያሰፋል።

ባለፉት ዓመታት በአኩሪ አተርና በሰሊጥ ገበያ የታየውንም እርስዎ ሳያስታውሱት አይቀርም። አንዳንድ ላኪዎች ከዓለም ዋጋ በላይ እየገዙ በኪሳራ ይልኩ ነበር። የሚያዋጣቸው ሽያጩ ሳይሆን በላኪነታቸው የሚያገኙት ዶላር ነበር፤ በዚያ ዶላር መኪናና ብረታ ብረት አስገብተው በውድ ይሸጡና ኪሳራቸውን ይመልሱ ነበር። ኪሳራው በመጨረሻ ያረፈው ቆርቆሮና ሚስማር በገዛው ሰው ላይ ነው። ከሁሉ የሚጎዳው ደግሞ፣ ምርቱን አቀነባብሮ ሊልክ የሚፈልግ ሰው በዚያ ዋጋ ጥሬ ዕቃ መግዛት ስለማይችል ከገበያ መውጣቱ ነበር።

ጥያቄ፦ እነማይ ወረዳ፣ ብቸና አካባቢ ጤፍ የማመርት ገበሬ ነኝ። ዶላር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ማዳበሪያ በተወደደ ቁጥር ‹‹የዶላር ችግር ነው›› የሚሉን ለምንድን ነው? የአገር ጉድለትስ ከእኔ ማሳ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ አባታችን፣ ጥያቄዎ የጉዳዩን ልብ የነካ ነው፤ ዶላር በእጃቸው ገብቶ ከማያውቅ ሰዎች መካከል እንደ ጎጃም ገበሬ የዶላር እጥረት የሚጎዳው ጥቂት ነውና።

ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ አገር ውስጥ አይመረትም። ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ፣ በየካቲት 2014 የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ተነሥቶ የጋዝ ዋጋ ሲንር የማዳበሪያውም ዋጋ አብሮ ናረ። መንግሥት ጨረታ አውጥቶ ዶላር ካፈላለገ በኋላ ማዳበሪያው በመርከብ ሳይታሸግ ጅቡቲ ይደርሳል፤ እዚያው ወደብ ላይ በ50 ኪሎ ጆንያ ይሞላል፤ ከዚያ በመኪና ወይም በባቡር ወደ መሐል አገር ይገባል። በአዲስ አበባ በኩል የመጣው ከጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት በከባድ ማርሽ ይወጣል። ወደ ዩኒየኑ መጋዘን፣ ከዚያም ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መኪናው በመንገዱ ሁሉ የሚያቃጥለው ናፍጣ ራሱ በዶላር ተገዝቶ የመጣ ነው፤ ጎማውም፣ መለዋወጫውም እንዲሁ። አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ውስጥ ዶላር ብዙ ጊዜ ተቆጥሯል።

ከዋጋው ባልተናነሰ የሚጎዳው መዘግየቱ ነው። በቆሎ የሚዘራበት ግንቦት፣ ጤፍ የሚዘራበትም ሐምሌ ማንንም አይጠብቅም። የውጭ ምንዛሪው ፈቃድ ቢዘገይ፣ መርከቡ ወደብ ላይ ወረፋ ቢይዝ፣ ወይም በክልሉ ባለፉት ዓመታት እንደታየው በግጭት ምክንያት መንገድ ቢዘጋ፣ ማዳበሪያው ከዝናቡ በኋላ ይደርሳል። በዚያ ዓመት የታጣው ምርት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ከውጭ የሚገዛ እህል ሆኖ ጉድለቱን ሊያሰፋው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የፍትሕ ጥያቄ አለ፤ በግልጽ ሊነሣ ይገባል ብለን እናምናለን። ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። ምክንያቱ የከተማው ሸማች እንጀራ እንዳይወደድበት ነው፤ ምክንያቱን እንረዳዋለን። ነገር ግን ለማዳበሪያው በዶላር የተተመነ ዋጋ የሚከፍለው ገበሬ፣ ምርቱን በዶላር ከሚሸጥበት ገበያ ተገልሏል። ወደ ውጭ እንዲላክ የተፈቀደው እንጀራ በቦሌ በኩል በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የእሴት ጭማሪው ግን ጤፉ ከበቀለበት ወረዳ ርቆ ይቀራል። ክልከላው እንዳለ ቢቆይ እንኳ ወፍጮውና መጋገሪያው ወደ ብቸናና ወደ ደጀን እንዲቀርቡ መሥራት የሚቻል ነገር ነው።

በነሐሴ 2017 በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ሊያመርት የሚችል ፋብሪካ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመገንባት ስምምነት ተፈርሟል። ፋብሪካው የአገር ውስጥ ጋዝ ስለሚጠቀም ሥራ ከጀመረ ለእርስዎ ማሳ ከማንኛውም የባንክ መመሪያ ይልቅ ይበጃል። እስከዚያው ኮምፖስትና የአሲዳማ አፈር በኖራ መታከም ችላ ሊባሉ አይገባም፤ አፈሩ አሲድ ሲበዛበት በውድ የተገዛው ማዳበሪያ ለተክሉ በሚገባ አይደርሰውም።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ቡሬ ነው። ከተማችን ትልቅ የዘይት ፋብሪካ አላት፤ አካባቢው ኑግ ያበቅላል። ሆኖም ዶላር በጨመረ ቁጥር ዘይት ይጨምራል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለም?

መልስ፦ ልክ ብለዋል። በ2013 ዓ.ም. በቡሬና በደብረ ማርቆስ ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ሥራ ሲጀምሩ ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገር ግን የእነዚህን ፋብሪካዎች አቅም የሚመጥን የቅባት እህል በአገር ውስጥ ስለማይቀርብ፣ ማጣራቱ በአብዛኛው የተመሠረተው ከውጭ በሚመጣ ድፍድፍ የፓልም ዘይት ላይ ነው፤ የዚህ ዘይት ዋነኛ ምንጮች ደግሞ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካው ቡሬ ቢቆምም ዋጋው የሚተመነው በዶላር ነው።

በጣም የሚያሳዝነው የኑጉ ጉዳይ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የሚሄደው ኑግ፣ በተለይ ወደ አሜሪካ፣ በዋናነት የሚውለው ለወፍ መኖ ነው። ለምግብ የሚሆነውን ቅባት በጥሬው ለወፎች ሸጠን ለራሳችን ፓልም እንገዛለን፤ ከዘይቱ ጋር ለከብት የሚሆነው ፋጉሎም አብሮ ይሄድብናል።

ይህን ለማስተካከል ግን ክልከላ ብቻውን አይበቃም። ገበሬው ኑግ የሚዘራው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ በሚተኛበት፣ ሌላ አዝመራ በማይወደው መሬት ላይ፣ ያለ ማዳበሪያ ነው፤ ምርቱም በሄክታር ዝቅተኛ ነው። ኑግ ራሱን በራሱ በሚገባ ስለማያራባ ፍሬ ለመያዝ ንብ ይፈልጋል፤ በየአካባቢው የአረምና የተባይ ኬሚካል አረጫጨት ንብ ሲጨርስ የኑጉ ምርት አብሮ ይቀንሳል። የተሻሻለ ዘር፣ ቀፎ በማሳ ዳር፣ ገበሬው ሳይዘራ ዋጋውን የሚያውቅበት የውል እርሻ፣ ሦስቱ ተገናኝተው ቢሠሩ ለአንድ ወረዳ ቀርቶ ለአገሪቱ የዘይት ወጪ ትርጉም ይኖራቸዋል። ማሩም ተጨማሪ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። መጽሐፉ ገንዘብ ሲረክስ ወጪ ንግድ ይጨምራል፣ ገቢ ንግድ ይቀንሳል ይላል። ብር በገበያ ከተተመነ በኋላ ጉድለቱ መጥፋት አልነበረበትም? ጉድለትስ ሁልጊዜ መጥፎ ነው?

መልስ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መጽሐፉ የሚለው እንዲሆን ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ዋጋ ሲወደድ ሰው ከውጭ የሚመጣውን መተው መቻል አለበት፤ ዋጋ ሲያጓጓ ደግሞ አምራቹ ቶሎ ብዙ ማምረት መቻል አለበት። እኛ ከምናስገባው ትልቅ ድርሻ የሚይዙት እንደ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና መለዋወጫ ያሉ ዕቃዎች ናቸው፤ እነዚህ ስለተወደዱ አይተዉም። የቡና ችግኝም ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ቶሎ የተለወጠው ወርቅ ነው፤ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ዋጋው ሲስተካከል ወደ ብሔራዊ ባንክ መምጣት ጀመረ። በመጀመሪያው መልስ ያነሣነው የላኪዎች የኪሳራ ንግድ ምክንያቱ እየቀነሰ መሄዱም መልካም ነው። በአንጻሩ ደመወዝተኛው ከእርምጃው ያገኘው የኑሮ ውድነቱን ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ማሻሻያውን ማወደስ ተገቢ አይደለም።

ለመጨረሻው ጥያቄህ መልሱ ሁለት ነገሮችን በማየት ይገኛል፦ በጉድለቱ የተገዛው ምንድን ነው? የተሸፈነውስ በምንድን ነው? በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚልኩት ገንዘብና የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያስገኘው ገቢ ከክፍተቱ ከፊሉን ይሞላሉ፤ እነዚህ ዕዳ አይደሉም። በብድር የተሞላው ግን መክፈያ ቀን አለው። በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ወለድ ሲደርስ፣ በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ 33 ሚሊዮን ዶላር በወቅቱ ሳትከፍል ቀረች። ከዚያ በፊት በጥቅምት 2015 ለ38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ መከልከሉም የዚሁ ጭንቀት ምልክት ነበር።

በተቃራኒው የዓባይ ግድብ ተርባይኖችና ጄኔሬተሮች ሲገቡ የየዓመቱን ጉድለት አስፍተዋል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኢትዮጵያ ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች፤ ይህ ሸቀጥ በሽቦ ስለሚሄድ ወደብም ኮንቴይነርም አይፈልግም። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ርዕስ እየፈለግህ ከሆነ የገቢ ንግዱን ዝርዝር በየዓመቱ ለሁለት ከፍለህ አጥናው፦ ከዓመታት በኋላ ዶላር መልሶ የሚያስገኝ ዕቃና ተበልቶ የሚያልቅ ዕቃ። የሁለተኛው ድርሻ እየጨመረ የሄደባቸው ዓመታት ከዕዳው መክበድ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥሙ በዚያ መንገድ መመርመር ትችላለህ።