አክሊሉ ሀብተወልድ ለእኛ ለምሥራቁ ምን ሠሩ?

ወንድሜ፣ «አክሊሉ ሀብተወልድ ወደ 30 ዓመት ሥልጣን ላይ ሲቆዩ ለጃንሆይ እሺ ከማለት ሌላ ምን ሠሩ? ለተማሪዎቼስ ምን ልበላቸው?» ብለህ ጠይቀሃል። እዚሁ ድሬ (ድሬዳዋ) ታሪክ ሳስተምር ስለኖርኩ ያየሁትን ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

አብዛኛው ተማሪ እኚህን የጃንሆይ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚያውቃቸው በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው፣ በቃ። ከዚያ በፊት ያለው ሕይወታቸው ባዶ ነው።

እኔ የምጀምረው ከባቡሩ ነበር። ከጅቡቲ ጠረፍ ተነስቶ በአይሻ በኩል ድሬ የሚገባውን ሐዲድ ሰሌዳው ላይ በነጭ ጠመኔ አሰምራለሁ። ኦጋዴንንና ሐውድን (በሶማሌላንድ ጠረፍ ያለውን የግጦሽ ምድር) ደግሞ በቀይ እቀባለሁ። ከዚያ «ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የ1934ቱ ስምምነት፣ ይሄ ሁሉ በማን እጅ ነበር?» እላቸዋለሁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «የእኛ!» ይላሉ። አቦ፣ አልነበረም! ባቡሩን የያዘው የእንግሊዝ ጦር ነበር። ከሐረር ተነስቶ ጅግጅጋ የሚሄድ ሰው የሚገባው በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ወዳለ ከተማ ነበር። አባትና አያታቸው ሸመንደፈር (ባቡር ድርጅቱ ውስጥ) የሠሩ የከዚራ ሰፈር ልጆች ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አክሊሉ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ፓሪስ ሕግ የተማሩ፣ ገና በ30ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1950 ድረስ የውጭ ጉዳዩን ሥራ የያዙት እሳቸው ነበሩ። በ1937 በሎርድ ደ ላ ዋር ከተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ጋር በተደረገው ድርድር እንግሊዝ ባቡሩን ለመልቀቅ ተስማማ፤ ኦጋዴንና ሐውድ ግን በእንግሊዝ እጅ ቀሩ። ኦጋዴን በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ሐውድ ደግሞ በ1947ቱ ስምምነት ተመለሰ። አስበው፣ አሥር ዓመት ሙሉ አንድን ጉዳይ ሳይለቁ፣ ሳይሰለቹ፣ አንቀጽ በአንቀጽ። መሀል ላይ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የተመሠረተበት የሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ አለ፣ የፓሪሱ የሰላም ጉባኤ አለ፣ በ1943 የኤርትራን ፌዴሬሽን ያጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ አለ። ሚኒስትር ቶሎ ቶሎ ቢቀያየር ይህ የሚሆን አይመስለኝም። ጃንሆይ ወሳኝ ነበሩ፣ አልክድም፤ ግን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ የሚከራከር ሰው ያስፈልግ ነበር።

ይህን ስል ግን ማር ብቻ አታብላቸው። የሐውድን ግጦሽ ለሚጠቀመው አርብቶ አደር መሬቱ ለማን ይሁን ብሎ የጠየቀው የለም። የ1947ቱ ስምምነት ከብሪታንያ ሶማሌላንድ ለሚሻገሩ ጎሳዎች የግጦሽ መብት ጠብቆላቸዋል፣ ከዚያ ያለፈ የለም። ክፍል ውስጥ ሶማሌ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ያያቶቻቸውን ታሪክ ይዘው ሲመጡ ሰዓቱን እለቅላቸው ነበር። አንተም ልቀቅላቸው።

በ1953 ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ያለው ዘመን ይከብደኛል። ፌዴሬሽኑ በ1955 ሲፈርስ በሥልጣን ላይ ነበሩ። ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ የተፈቀደላቸው በ1958 ነው፤ ያኔም ቢሆን ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው ቤተ መንግሥት ነበር። ወሎ ሲራብ የእሳቸው መንግሥት ዝም አለ። በዚህ ይጠየቃሉ፣ በእኔ እምነት በጣም ይጠየቃሉ። የካቲት 1966 መምህሩ፣ ታክሲ ነጂው፣ ወታደሩ ሲነሳ ሥልጣን ለቀቁ። የተረሸኑት ግን ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ፣ ሳይፈረድባቸው ነው። እስር ላይ ሆነው የቀድሞ ባለሥልጣናትን ለሚመረምረው ኮሚሽን በጽሑፍ ያስረዱት ቃል ውስጥ ያን ሁሉ ድርድር ይተርኩታል። ከቻልክ ጥቂት ገጽ ለተማሪዎችህ አንብብላቸው፤ ጥሩ ሰው ነበሩ ወይስ መጥፎ የሚለውን ጥያቄ ከዚያ በኋላ አንሳላቸው። የ1934ቱንና የ1937ቱን ስምምነት ጎን ለጎን ማየቱን ግን አትዝለለው፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል።